ማፍታታት፣ ጀሶ ወይስ ኦፕራሲዮን? መገጣጠሚያው ደርቆ ለተወለደ ልጅ እንዴት ይመረጣል

ልጄ የተወለደችው እዚሁ ባሕር ዳር፣ በክረምት ነው። አዋላጇ ጠቅልላ ስትሰጠኝ ክርኖቿ ቀጥ ብለው ደርቀው ነበር። የእጅ አንጓዎቿ ወደ ውስጥ ተቆልምመዋል። የሁለቱ እግሮቿ ውስጥ እግር ደግሞ እርስ በርስ ይተያያል። አማቴ ተቀብላ ልታቅፋት ስትል ትንሿ ክንድ አልታጠፍ አለቻት። ቀስ ብላ ወደ ደረቷ ልትመልሳት ሞከረች፣ እምቢ አለ። "ልጄ፣ ብርድ መቷት ይሆን እንዴ?" አለችኝ።

አሁን 6 ዓመቷ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስልኬን ከሰው ተቀብለው የደወሉልኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው። ማፍታታት ይሻላል፣ ጀሶ ይሻላል ወይስ ኦፕራሲዮን? እኔ ሀኪም አይደለሁም። ግን ሦስቱንም በልጄ ላይ አይቻቸዋለሁ። በየኮሪደሩ ስጠብቅ ከሌሎች እናቶች የሰማሁትም፣ ፊዚዮቴራፒስቶቹን እየነዘነዝኩ የተማርኩትም አለ።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። ሦስቱ ተራ አላቸው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ከሦስቱ ደግሞ የሚጠቅመው ሳምንት ከሳምንት ሳታቋርጡ የምትዘልቁበት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የልጃችሁ ችግር የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይታወቅ።

መጀመሪያ ዓይነቱ

ሀኪሞቹ አርትሮግሪፖሲስ ይሉታል። አንድ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ በተለያየ የሰውነቱ ክፍል ሁለትና ከዚያ በላይ መገጣጠሚያ ደርቆ ወይም ታጥፎ ከተገኘ በዚህ ስም ይጠራል። ከ3,000 ልጆች በአንዱ ገደማ ይታያል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ከ400 በላይ የተለያዩ ችግሮች ከሥሩ አሉ። የሚያመሳስላቸው ፅንሱ ማህፀን ውስጥ በደንብ አለመንቀሳቀሱ ነው። መገጣጠሚያ የሚላላው በመንቀሳቀስ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ዙሪያው ያለው ሥጋ ይጠጥራል፣ ጅማቱም አጥሮ ይቀራል።

የልጄ ዓይነት አሚዮፕላዚያ ይባላል። በብዛት የሚገኘው እሱ ነው፤ ከጠቅላላው ሲሶ ያህሉን ይይዛል። የክንድና የእግር ጡንቻ በደንብ ሳያድግ ይቀርና ቦታውን ስብና ጠጣር ሥጋ ይወስደዋል። ከእናት ከአባት አይወረስም። አእምሮን አይነካም። ይህን የነገረኝ ሀኪም ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምን በድዬ ነው ስል ነበር የከረምኩት።

ሌላው ዓይነት በእጅና በእግር ጫፍ ላይ ያርፋል። ጣቶች እንደተጨበጡ ይቀራሉ፣ እግር ይቆለመማል። ክርንና ጉልበት ግን ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው። ይሄኛው በአብዛኛው በዘር ይሄዳል። ከወላጆች አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወላጁ እንዳለበት ላያውቅም ይችላል። ትንሿ ጣቱ ጎበጥ ብላ ታድግና "ድሮም እንዲህ ነች" ብሎ ይተዋታል። ስለዚህ ሀኪሙ "እስቲ የእናንተንም እጅ ልይ" ቢል ቅር አይበላችሁ። ካላለም ራሳችሁ ዘርጉለት።

እናትም አባትም ሳያውቁት የተሸከሙት ዘረ መል ልጁ ላይ ሲገናኝ የሚመጣም አለ። ለምሳሌ በክርን ወይም በጉልበት መታጠፊያ ላይ ቆዳው እንደ ሌሊት ወፍ ክንፍ ተወጥሮ የሚታይበት አለ። እንዲህ ያለው ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ይበዛል። እኛ አገር ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቆጠሩ በዚህ በኩል ይጠቅማል። ቢሆንም የማይዛመዱ ባልና ሚስትም አንድ ዓይነት ዘረ መል ተሸክመው ሊገናኙ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ የሚቀጥለው ልጅ የመያዝ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው።

ብርቅ ቢሆኑም ምርጫውን እንዳለ የሚገለብጡ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው መገጣጠሚያው የደረቀ፣ አጥንቱም በትንሽ ነገር የሚሰበር ነው። ብሩክ ሲንድረም ይሉታል። እዚህ ላይ ማፍታታት ራሱ አጥንት ሊሰብር ስለሚችል ሀኪሙ ሳያይ ምንም አይነካም። ሁለተኛው ኤፍ ኦ ፒ ይባላል። ልጁ ሲወለድ እጅ እግሩ ይንቀሳቀሳል። የእግሩ አውራ ጣት ግን አጭርና ወደ ሌሎቹ ጣቶች የዞረ ነው። በኋላ በልጅነቱ እብጠት ይመጣና ጡንቻው ወደ አጥንት ይለወጣል። ኃይለኛ ማሸት፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌና ኦፕራሲዮን ያባብሱታል። እንዲህ ያለ አውራ ጣት ካያችሁ ማንም ቢላ ከማንሳቱ በፊት፣ ማንም ከማሸቱ በፊት ለሀኪሙ አሳዩ። ክትባቱንም አታቋርጡ፤ እንዴት ይሰጥ ብላችሁ ጠይቁ።

ደህና ተወልዶ 2 ወይም 3 ዓመት ሲሞላው ጣቶቹ እየደረቁ የመጡ ልጅ ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሕፃናት ሀኪም ይየው። ከዚህ በታች ያለው ለእሱ አይሆንም።

ማፍታታት

በመጀመሪያዎቹ ወራት ትልቁን ሥራ የሚሠራው ይሄ ነው። ገና ለጋ ሲሆን መገጣጠሚያው እሺ ይላል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። እነዚህ ልጆች ሲወለዱ የጭን ወይም የክንድ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ያበጠ፣ ወይም ሲነካ የሚያስጮህ ቦታ ካለ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየችኝ እንዲህ ነው። ልጅቷ ትታጠባለች። ቅባት ትቀባለች። ገላዋ ሞቅ ሲል በአንድ እጄ የላይኛውን ክንድ ይዤ በሌላው እጄ ክርኗን ቀስ እያልኩ አጥፋለሁ። የሚወጠርበት ቦታ ስደርስ አቆማለሁ። አልገፋም። እዚያው ይዤ እስከ 20 እቆጥራለሁ። ፊቷን አያለሁ። ካኮረፈች ልክ ነኝ፤ ካለቀሰች አብዝቻለሁ ማለት ነው። ከዚያ እለቃለሁ፣ እንደገና። ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ከሠራችሁት ሰዓት ፍለጋ አትቸገሩም።

ሌሊት ደግሞ ያገኛችሁትን እንዳታጡ ስፕሊንት፣ ማለትም መገጣጠሚያውን በቦታው የሚይዝ ድጋፍ፣ ይታሰራል። ባሕር ዳር በሚያዝያ ሙቀት ስፕሊንት ሥቃይ ነው። ከሥሩ ስስ የጥጥ ካልሲ አልብሱ። ጠዋት ስትፈቱት ቀይ ምልክት ካለና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ስፕሊንቱ ልክ ስላልሆነ ለሠራው ሰው መልሱት። ልጅ በየወሩ ያድጋል፣ ስፕሊንቱ አያድግም።

ማፍታታት ለክርን፣ ለጣትና ለእጅ አንጓ ጥሩ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቤት ውስጥ ይሠራል። የደረቀ ቆልማማ እግርን ግን ብቻውን አያቃናም። በዚህ እንዳትታለሉ። 6 ወር ሙሉ እግር ብቻ ሲያሹ ቆይተው ዘግይተው የመጡ ቤተሰቦች አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

የሚጠይቀው ጊዜ ነው። ገበያ የምትውል እናት በቀን 4 ጊዜ ብቻዋን አትችልም። ስለዚህ ሌላ ሰው ይማር። እኛ ቤት የተማረችው አማቴ ነች። እውነቱን ለመናገር ከኔ ይልቅ የእሷ እጅ የረጋ ነበር። እያዜመች ነበር የምትቆጥረው። ልጄ እስከ 20 መቁጠርን የለመደችው በዚያው ነው።

ጀሶ

ለቆልማማ እግር የመጀመሪያው ምርጫ ይሄ ነው። በየሳምንቱ እግሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ይታረማል፣ ከጣት እስከ ጭን በጀሶ ይታሰራል። በሳምንቱ ይፈታና ትንሽ ወደፊት ተገፍቶ እንደገና ይታሰራል። ዘዴው የፖንሴቲ ይባላል። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ስፔን ተወልዶ አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሠራ ሀኪም ነው። እግርን በትልቅ ኦፕራሲዮን መክፈት በኋላ እንደሚያደርቀውና እንደሚያሳምመው አይቶ ነው ይህን መንገድ ያበጀው።

ሌላ ችግር የሌለበት ቆልማማ እግር ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃዋል። አርትሮግሪፖሲስ ያለበት ልጅ እግር ግን ይጠጥራል፤ ብዛቱም ይጨምራል። ለልጄ 9 ጊዜ ታስሯል። ከጎረቤት ልጅ ጋር እያወዳደራችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በመጨረሻ የተረከዝ ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ይቆረጥና 3 ሳምንት የሚቆይ ጀሶ ይታሰራል። ጅማቱ ረዝሞ ራሱን ይገጥማል። ቆረጣው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ስሙ ሲጠራ ግን እናት ትደነግጣለች፣ እኔም ደንግጫለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ዋናው። ሁለት ጫማ በብረት ተያይዞ ይታሰራል። ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት። ከዚያ እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ድረስ ሌሊትና ለእንቅልፍ ብቻ። እግሩ ተቃንቷል ብሎ ጫማውን የተወ ቤተሰብ ሁሉ ማለት ይቻላል ተመልሶ ጀሶ ቤት ይገናኛል። አርትሮግሪፖሲስ ላይ መመለሱ ከሌላው ይብሳል። የኔ ልጅ የግራ እግሯ አንዴ ተመልሶባታል፣ በ3 ጀሶ ተስተካክሏል።

አንድ ቀን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የታሰርንበትን ቦታ ስም አልጠራም። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ቸኩለው አሰሩልን። ማታ ልጅቷ አልተኛም አለች። በስልክ መብራት ጣቶቿን ሳይ ጠቆር ብለዋል። ነካሁ፣ ቀዝቅዘዋል። በዚያው ሌሊት ባጃጅ ለምነን ሄድን፣ ቀደው አወጡት። ቆዳዋ ላይ ቀይ መስመር ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ተመስገን። ከዚያ ወዲህ ከክፍሉ ሳልወጣ የእያንዳንዱን ጣት ጫፍ ጫን አድርጌ እለቃለሁ። ነጣ ይልና በሁለት ሰከንድ ውስጥ መቅላት አለበት። ካልቀላ አልወጣም። ቤት ስደርስም፣ ማታም፣ ጠዋትም አያለሁ። እናንተም ሳታፍሩ አድርጉት። "ጠበቀ መሰለኝ፣ እስቲ ይዩልኝ" ማለት ነውር የለውም።

ጀሶና ውሃ አይስማሙም። ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ በጀልባ ለምትመጡ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ይነሳበታል፣ ውሃው ይረጫል። ጠዋት ጠዋት ተሻገሩ። ሁለቱንም እግር በፌስታል ጠቅልሉ፣ ስትደርሱ ግን ፍቱት፣ ከውስጥ ያልበዋል። ከቻላችሁ እነዚያን ሁለት ወይም ሦስት ወራት ከተማ ያለ ዘመድ ጋ እረፉ። በየሳምንቱ መመላለስ ያሰለቻል። አንድ ሳምንት ሲቀር ሁለተኛው ይከተላል። አንድ ሌላ ምክር ደግሞ፦ ነገ ቀጠሮ አለን ብላችሁ ማታ ጀሶውን ነክራችሁ አትፍቱት። ሌሊቱን እግሩ ወደነበረበት ይመለሳል። እዚያው ይፈታ።

ጸበልን በተመለከተ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። እኔም ልጄን ይዤ ሄጃለሁ። ቄሱን አነጋግሬያቸው "ትጠጣ፣ ፊቷን ትታጠብ፣ ጀሶው አይንካ" አሉኝ። እናንተም የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ከጀሶው ሸሽቶ ጸበል፣ ከጸበሉ ሸሽቶ ጀሶ መሄድ ሳያስፈልግ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ኦፕራሲዮን

ቀድሞ የሚመረጥ ነገር አይደለም። የሚመጣው ማፍታታትና ጀሶ እስከሚችሉት ሄደው ሲቆሙ ነው። ሲያስፈልግ ግን መሸሽ አያዋጣም።

ለክርን የሚደረገውን ላስረዳ፣ ለኛ አኗኗር ትልቅ ነገር ስለሆነ። ክርኑ ከ90 ዲግሪ በላይ ካልታጠፈ እጅ አፍ ጋ አይደርስም። እንጀራ በማንኪያ አይበላም። ልጁ እንጀራ ቆርሶ ለራሱ መጉረስ ካልቻለ ዕድሜ ልኩን ሌላ ሰው ሊያጎርሰው ነው። ስለዚህ ማፍታታቱ እዚያ ካላደረሰው ሀኪሞች ከክርን በስተጀርባ ያለውን አጭር ጡንቻ ያረዝሙና መገጣጠሚያውን ያላላሉ። ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል እስከ 3 ዓመት ባለው ነው የሚሠራው። ማስታወስ ያለባችሁ ይህ ክርኑ እንዲታጠፍ መንገድ ይከፍታል እንጂ የሌለ ጡንቻ አይፈጥርም። ልጄ አሁንም በቀኝ እጇ ስትበላ ክንዷን የገበታው ጠርዝ ላይ ታስደግፍና ወደ አፏ ታጎነብሳለች። ራሷ ያገኘችው ዘዴ ነው። ያየ ሰው አያስተውለውም።

ሁለቱ ክርኖች ታጥፈው እንዳይቀሩም ጠይቁ። ለመጉረስ የታጠፈ እጅ ያስፈልጋል። ለመታጠብ፣ ከመቀመጫ ለመነሳት፣ ክራንች ለመያዝ ደግሞ የሚዘረጋ። ጉልበትም እንደዚሁ ነው። ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ጉልበት ለመቆም ይመቻል፣ ግን መጸዳጃ ቤታችሁ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ መታጠፍም አለበት። ቤታችሁ ምን እንደሚመስል ለሀኪሙ ንገሩት። ካልነገራችሁት አያውቅም።

ጉዳቱስ? ልጅ ሲያድግ የተላላው ተመልሶ ሊደርቅ ይችላል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ስፕሊንትና ማፍታታት ካልቀጠለ ልፋቱ መና ይቀራል። ማደንዘዣውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መንጋጋቸው የማይከፈት ወይም አንገታቸው የደረቀ ልጆች ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ይከብዳል። "አፉ ብዙ አይከፈትም" ብላችሁ ማደንዘዣ ለሚሰጠው ሰው በዋዜማው ተናገሩ፣ ጠዋት ልጁ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ አይደለም።

የት? ከባሕር ዳር ሳትወጡ ጀምሩ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ፣ ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ የዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለ። ከበድ ያለ የመገጣጠሚያ ሥራ ሲሆን አዲስ አበባ ወዳለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ልትላኩ ትችላላችሁ። የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያችሁ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። መድኑ ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ለስፕሊንትና ለጫማው የት እንደምትሄዱም ያኔውኑ ይነገራችሁ።

ወጌሻስ?

አማቴ ይዛኝ ሄዳለች። ሽማግሌው የልጄን ክርን በሁለት ጣታቸው ያዙና ትንሽ ሞከሩት። ዝም አሉ። "ልጄ፣ ይሄ ወለምታ አይደለም። የወጣ ነገር የለም የምመልሰው። ሆስፒታል ውሰጃት" አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ሁሉም እንደሳቸው ቢሆን ይህን አልጽፍም ነበር። የነዚህ ልጆች አጥንት ስስ ነው፣ በኃይል ሲቀና ይሰበራል። በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ምርጫው ውስጥ አላስገባውም።

እኔ ብሆን

የአንድ ሳምንት ልጅ ይዛችሁ ከሆነ፦ ዛሬ ክርንና ጣት ማፍታታት ተማሩ፣ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ እግሩ ጀሶ ይጀመርለት። ስለ ኦፕራሲዮን አሁን አታስቡ።

ልጁ 2 ወይም 3 ዓመት ሞልቶት ምንም ያልተደረገለት ከሆነ አልመሸም። ጀሶ አሁንም ይሞከራል፣ ቢያንስ በኋላ የሚመጣውን ኦፕራሲዮን ያሳንሰዋል። ክርኑን ግን ያኔውኑ ሀኪም ይየው።

ከከተማ ርቃችሁ የምትኖሩና በየሳምንቱ መመላለስ የማትችሉ ከሆነ ጀሶውን እየዘለላችሁ ከመቀጠል ሙሉ ሁለት ወር ከተማ መክረም ይሻላል። ለዚያ እንኳ አቅም ከሌለ ለክሊኒኩ በግልጽ ንገሩ። ቀጠሮ የሚያስተካክሉ፣ ማረፊያ የሚጠቁሙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሌላ ልጅ ስለመውለድ የምታስቡ ደግሞ ዓይነቱን ካወቃችሁ በኋላ ወስኑ። አሚዮፕላዚያ ከሆነ ሊደገም የሚችልበት ዕድል በጣም ትንሽ ነው። በሚቀጥለው እርግዝና ፅንሱ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በአልትራሳውንድ ይታይላችሁ፤ ለምን እንደምትጠይቁም ንገሯቸው።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ የወሊድ ካርዱን፣ ካለ ራጁን፣ ሁለት ዳይፐርና አንድ የሚያግዛችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ አንድ ቀን ክርኑንና እግሩን ፎቶ አንሱ፤ በአንድ በኩል፣ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ። እኔ የማነሳት መስኮቱ ሥር፣ በቢጫ ፎጣ ላይ ነበር። በሦስተኛው ወር ምንም ለውጥ የለም ብዬ ልተው ስል ባለቤቴ የመጀመሪያውን ፎቶ አወጣልኝ።